የአዴ ሩቂያ ሚስትነት ሲፈለግ

ወረቀት የሚባል ነገር ሴትን አይወድም። ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ ወዲህ፣ ወላሂ፣ የስኳር መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ታዲያ ያነበብኩት ሁሉ የወንድ ስም ነው። ሴቶቹ የት ገቡ? ይህን ሁሉ ሕዝብ ወንዶቹ ናቸው እንዴ የወለዱት?

ነገሩን ያነሳሁት ለፍልስፍና አይደለም፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አዴ ሩቂያ፣ ቤቷን ልትነጠቅ ስለነበር ነው። ባሏ የባቡር ሠራተኛው አቶ ኢብራሂም በሞቱ በሁለተኛው ወር ቀበሌ ጠራትና፣ መዝገቡ ላይ ጥገኛ ተብለሻል፣ ሚስት መሆንሽን ካላስረዳሽ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል አላት። ሠላሳ ዓመት የኖረችበት የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ቤት! የጋብቻዋን ኒካ ያሰሩላት ቃዲ ሞተዋል፤ ልጅ አልወለደችም። ጎረቤት ይመስክር ብንል ሊቀመንበሩ፣ በዚህ ሰፈር ለድመትም ምስክር ይገኛል፣ ወረቀት አምጡ አሉ።

ወረቀት ከሆነ እኔ አለሁ አልኩ። ለምን ተማርኩ?

መጀመሪያ የሄድኩት አፎቻቸው ዘንድ ነው፤ ለለቅሶና ለሠርግ የሚረዳዱበት የሴቶቹ ማኅበር። ደብተሩን ስገልጥ በየገጹ "ሩቂያ፣ ትልቁ ድስት" ይላል። አንድ ለቅሶ፣ አንድ ሠርግ አልቀረችም እኮ! ያ ድስት ከድሬ ሰው ግማሹን ድሯል፣ ግማሹን ቀብሯል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በአሳዳጊ ስም የሰባት ልጆች መዝገብ ላይ የእሷ የጣት አሻራ አለ። ሰባት! ወላጆቻቸው ለንግድ ጅቡቲ ወርደው የቀሩባቸው ልጆች ናቸው። ከእኛ ጋር ሲጫወቱ ያደጉትን የአክስቴ ልጆች እያልኩ ስጠራቸው፣ አንዱንም እንዳልወለደችው ረስቼው ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ዘበኛው ልጅሽ ፈተና ወደቀ ወይ ብሎ ውኃ አመጣልኝ።

ታዲያ አንዱም ወረቀት ሚስት አይላትም። በመጨረሻ ከአቶ ኢብራሂም ሳጥን የባቡር የቤተሰብ ቲኬት ተገኘ። በፈረንሳይኛ ነው። አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ አነበቡልኝ፤ "ከነባለቤቱ" ይላል አሉ። ስሟስ? ስሟ የለም! እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ስሟ ያለበት ወረቀት ሚስትነቷን አያውቅም፤ ሚስትነቷን የሚያውቀው ስሟን አያውቅም።

ሁሉንም ታቅፌ፣ አዴ ሩቂያን አስከትዬ ቀበሌ ገባሁ። ሊቀመንበሩ አገላበጡና የባልሽን ስም ተናገሪ አሏት። ዝም። ደገሙላት። ዝም። ጎኗን ብጎሽማት፣ አንቺ ባለጌ፣ እጅሽን ሰብስቢ አለችኝ። ሊቀመንበሩ ቱግ ብለው የድሮውን መዝገብ ገለጡና ጮክ ብለው አነበቡ፤ "የአባወራውን ስም ብትጠየቅ መናገር አልቻለችም፤ ጥገኛ።"

ይሄኔ አዴ ሩቂያ ተነሳች። ያኔም መዝጋቢው ጠይቆኛል፣ ያኔም አልነገርኩትም አለች። እንኳን ለቀበሌ፣ ለእናቴም ጠርቼላት አላውቅ፤ ሚስት የባሏን ስም ትጠራለች እንዴ? ቤቱን ውሰዱት፣ ይህን ነውር ግን ከአፌ አታወጡም!

እኔ አለቀልን ብዬ ራሴን ያዝኩ። ኮሚቴው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ሙሜ፣ ግን በሳቅ ፈረሱ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ምን ወረቀት ትፈልጋለህ አሉ፤ ጥገኛ ብትሆን ቤቷን ለማዳን አሥሬ ትጠራው ነበር፤ ይህች የምር ሚስት ናት! ሊቀመንበሩም ሳቃቸው አመለጣቸው። የገዛ እናታቸው አባታቸውን "ያ ሰውዬ" ሲሉ ነው የኖሩት። ብዕር አንስተው "ጥገኛ" የሚለውን ሰረዙ፤ "ሚስት" ብለው ጻፉ። እኔው ራሴ አንብቤ አረጋገጥኩ፤ አልሃምዱሊላሂ!

እልልታዬን ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ጎበዝ፣ ያንቺስ ባል ማን ይባላል አሉኝ። በደስታ ሰክሬ፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ አህመድ ዩሱፍ አብዲ! አልኳቸው።

ወደ ጸሐፊው ዞር አሉና፣ ይህችን ጥገኛ ብለህ መዝግባት አሉት።