ጭሴ «አባዬ» ሲለኝ

ትናንት ያየሁትን ሕልም ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ እንጂ።

በሕልሜ ባሕር ዳር ነበርኩ፣ እዚሁ የራሴው ከተማ። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ጣናም በቦታው አለ። ሰዉ ግን መኪናውን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጁን አዝሎ እሹሩሩ ይላል። ዓሦቹ ከውኃው ብቅ ብለው በመንጠቆ ዳቦ እያንጠለጠሉ ወደ አስፋልቱ ይወረውራሉ። የነዳጅ ቦቴዎች በየሰዉ በር ተሰልፈው፣ «እባካችሁ አንድ ሊትር ብቻ ውሰዱልን» እያሉ ይለምናሉ። ሰዉም በመስኮት ብቅ እያለ፣ «ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ!» ይላቸዋል። እንዲህ አንጀቴን ያራሰኝ ነገር የለም።

እኔም መኪናዬን አዝያለሁ። በቀኝ እጄ ደግሞ አዲስ ቢጫ ጀሪካን ይዣለሁ። እንደዚያ ጎብጬ የዓባይ ድልድይ ጋ ስደርስ፣ ነጭ ጓንት ያደረገ ጉማሬ ፊሽካ ነፋብኝ።

«መራመጃ ፈቃድ!»

«መንጃ ፈቃድ ነው ያለኝ፣ ጌታዬ።»

«እሱን ለልጆችህ መጫወቻ ስጣቸው። ጭስህስ?»

«የምን ጭስ?»

«ዙር።»

ዞርኩ። ፎቅ የሚያክል ጥቁር ጭስ ከኋላዬ ቆሟል። እንደ ጥጃ አንገቱን ደፍቶ ሲከተለኝ ኖሯል።

«አባዬ» አለኝ ጭሱ፣ «ደከመኝ፣ እዘለኝ።»

ክው አልኩ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ጭስ መውለዴን ግን ማንም አልነገረኝም።

«የካርቦን አሻራህ ነው» አለ ጉማሬው። «ከነዳኸው፣ ካበራኸው፣ ገዝተህ ከጣልከው የተወለደ ነው። የሌለው ሰው የለም። ያንተን ግን ይሄ ድልድይ አይችለውም።» ቀጥሎ ጀሪካኑን አየ። «ይሄንንስ ምን ሰጥተህ አመጣኸው?»

«እኔ እንጃ። ሚስቴ ናት መኪና ውስጥ ያስቀመጠችልኝ።»

ጉማሬው ከንፈሩን መጠጠ። የጉማሬ ከንፈር ሲመጠጥ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ መሃል ከድልድዩ ማዶ የሳይክል ደወል ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ! ካኪ ልብሱን ለብሷል፤ የሱሪውን ጫፍ በላስቲክ አስሯል፤ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። በአንድ እጁ ደወል፣ በሌላው የጎማ መንፊያ ይዟል። የእሱ ጭስ ከኩራዝ የተረፈ ይመስላል፣ የድመት ግልገል አክሎ ትከሻው ላይ ተኝቷል።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። ያኔ የፈረቃ ሰዓት ሲደርስ መንገዱ በሳይክል ይሞላል፤ ደወሉ ብቻ ነው የሚሰማው። እናቴን ከኋላ፣ እኔን ከፊት ዘንጉ ላይ አድርጎ ወደ ሐይቁ ይወስደናል። የእናቴ ነጠላ እየተውለበለበ አንዳንዴ ዓይኔን ይሸፍነዋል፤ እኔም ደወሉን እነካለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ የትም ብንሄድ ቅርብ ነበር።

«ይበልጣል! ና እንጂ ላፈናጥጥህ!» ብሎ አባቴ ከማዶ በስሜ ጠራኝ።

«ጌታዬ፣ ምን ላድርግ? ልሻገር» አልኩት ጉማሬውን።

«በመኪና የሄድክበትን በእግርህ መልሰው። ወደ ኋላ እየተራመድክ።»

ጭሴን እጁን ያዝኩት። «አንተ፣ መጀመሪያ ከየት መጣህ?»

«ከዳቦ ቤቱ፣ አባዬ።»

«ከቤታችን መንገድ ማዶ ካለው?»

«አዎ። ማቆሚያ ስናጣ ደጋግመን ዞርን እኮ።»

ወደ ኋላ እየተራመድኩ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። «አንተ፣ እግር አለህ እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ ጎማ ብቻ መስሎኝ!» ቆሜ ሳምኳቸው። ከጭሴ አንድ ፎቅ ተናደ።

ቤቴ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ለሶፋው ዜና ያነባል፤ አጠፋሁት። የግቢውን በር ደግሞ ትናንት የደፋነው ወጥ ያንኳኳል። «ምን በደልኩ? ደህና እኮ ነበርኩ» አለኝ ተቀይሞ። ይቅርታ ጠይቄ በላሁት። እውነቱን ለመናገር ጣፋጭ ነበር። ጭሴ እያነሰ እያነሰ በግ አከለ፣ ቀጥሎ ድመት።

«አባዬ፣ ልጠፋ ነው?» አለኝ ፈርቶ።

«አትጠፋም። እንደ አባባ ጭስ ትንሽ ትሆናለህ።»

«እሺ» ብሎ ትከሻዬ ላይ ወጣ።

ጉማሬው ፊሽካውን ነፍቶ አሳለፈኝ። መኪናውን ከጀርባዬ አራግፌ ድልድዩን በሩጫ ተሻገርኩ። አባቴ ሳሙናና ጥጥ፣ ሳሙናና ጥጥ ይሸታል። ጎንበስ ብሎ መንፊያውን አዘጋጀና ወደ ኋላዬ ተመለከተ።

«ሳይክሏስ?»

«አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?»

«እኔ ደወሏን ብቻ ነው የያዝኩት። ሳይክሏን ላንተ ትቼልህ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ልመልስ አፌን ስከፍት ጡሩምባ ጮኸ።

ነቃሁ። ነግቷል። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ዘበኛው መስታወቱን ያንኳኳል።

«ወንድም፣ ቤንዚን አልቋል። ደግሞ ሞተር ሳታጠፋ ነው እንዴ ያደርከው?»

ለአየር ማቀዝቀዣው ብዬ ነበር። ዘበኛው አጠገቤ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን አየና፣ «በዚህም አይቀዳም፣ ተከልክሏል» ብሎኝ ሄደ።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ትርንጎ ናት።

«ጀሪካኑ ጠቀመህ?»

«ከየት አመጣሽው?»

«ልዋጮቹ ትናንት ሰፈር መጥተው ነበር። አሮጌ ዕቃ ወስደው አዲስ ፕላስቲክ ይሰጡ የለ? ያቺን ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ሳይክል ሰጥቼ ለወጥኩልህ። ትርፍ ቤንዚን ትይዝበታለህ ብዬ እኮ ነው። ለነገሩ ደወል እንኳ የላትም እኮ!»

ስልኩን ዘጋሁ። በደግ ልቧ ነው።

ከማደያው ጀርባ፣ ከመንደሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ልዋጭ! ልዋጭ!» ይላል፤ እየራቀ ነው። ቶሎ ብዬ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዬ ሁለቴ ሳለችና ጠፋች። ቁልፉን ባሽከረክር፣ ባሽከረክር፣ ወይ ፍንክች። ስትጠጣ አድራ ቤንዚኑን ጨርሳዋለች።

በሩን ሳልዘጋ በእግሬ ሮጥኩ።