ሹራብ በጋምቤላ ሙቀት

ሚስቱ ቤት እያለች ቤት የሚጠርግ ወንድ እምብዛም አላጋጠመኝም። እናንተን አጋጥሟችሁ ከሆነ እሰየው ነው፤ ዘሩ ይብዛ። ሚስቱ ከሄደች በኋላ ግን ወንድ ልጅ መጥረጊያ ያነሳል። መጀመሪያ የሚጠርገው ለይሉኝታ ነው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ። ቀጥሎ ጊዜው አልገፋ ሲለው ይጠርጋል። በመጨረሻ የሚጠርገው ግን፣ ይህን የሚያውቅ የደረሰበት ብቻ ነው፣ ወለሉ ከጸዳ የሚረግጠው እግር ይመጣል ብሎ ራሱን እያታለለ ነው። እኔ ሁሉንም ዓይነት ጠርጌያለሁ። ስለዚህ ስለ መጥረጊያ ባወራ አይፈረድብኝም።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙም አልቆየችም። ስማችን ቁጥር ነበር፤ ክልል አሥራ ሁለት። መሥሪያ ቤታችን ማኅተም እንጂ በቂ ወንበር አልነበረውም፤ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፣ የዘገየ መስኮቱን ተደግፎ መንግሥትን ያገለግላል። እኔ ከጎሬ የወረድሁ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነበርሁ። ባለቤቴ አስካለ የልብስ ስፌት መኪናዋን ጭነት ላይ አሳስራ ተከትላኝ መጣች። በሻንጣዋ ውስጥ ደግሞ በገዛ እጇ የሠራችው አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ነበር። ወደ ጋምቤላ ሹራብ ይዞ መምጣት ለባሮ ወንዝ ውሃ ቀድቶ እንደ መውሰድ ነው። ይህንኑ ብነግራት፣ "ማን ያውቃል፣ ይበርድ ይሆናል" አለችኝ። አልበረደም።

አስምን በስም ታውቁት ይሆናል። "ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሮጥሁ" የሚል ሰው ግን አያውቀውም፤ በአስም ትንፋሽ ያጠረው ሰው አይሮጥም። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ እኔና እናንተ ሳናስበው የምንስበውን አየር ይለምናል። አስካለ ጎሬ ሳለች ይህ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ይሄድ ነበር። ጋምቤላ ስንደርስ ግን ቤተኛ ሆነ።

ኒውላንድ፣ እኛ የነበርንበት ሰፈር፣ ያኔ ስሟን የመሰለች አዲስ ሰፈር ነበረች፤ መንገዷ አቧራ፣ አጥሯ ሳር። በጋ ሲሆን ከከተማው ውጭ ሰው የሚውጠው ሳር ይቃጠላል፤ ለከብቱ ለምለም እንዲበቅል፣ እባቡም እንዲሸሽ። ጥቁር ብናኝ ከሰማይ እየወረደ ባሰጣነው ልብስ ላይ ያርፋል። አንድ የጥር ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አስካለ የሰው ቀሚስ እየሰፋች ሳለ ነፋሱ ዞረና ጭሱን ሰብስቦ ወደ እኛ አመጣው። መኪና ስላልነበረ ጤና ጣቢያ ያደረስኋት በጀርባዬ አዝዬ ነው። እያንዳንዷ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ታፏጭ ነበር። ስታፏጭ እፈራለሁ፣ ፉጨቱ ዝም ሲል የባሰ እፈራለሁ። ደግነቱ መድኃኒት ነበረና ተረፈች።

የጤና ረዳቱ ረጋ ያለ ሰው ነበር። "መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ግን እኛ የከፈትነውን ደረት ቤታችሁ መልሶ ይዘጋዋል" አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ። ፍራሻችሁ ከምን ነው? ከሳር። ማድ ቤቱ የት ነው? ከመኝታችን ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ኮርኒሱ ውስጥስ? የሌሊት ወፍ። ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ? እኔ አለሁ። መልሴ እየከፋ ሲሄድ ሰውየው መጠየቁን ትቶ ያየኝ ጀመር።

አስካለ በሳምንቱ ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ጎሬ ወጣች። በጥድፊያ ስለሄደች ሹራቧን ረሳችው። ጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና፣ "ዝናብ ሲጥል መጥቼ አየዋለሁ። ደረቴ እሺ ካለኝ እዚሁ እቀራለሁ" አለችኝ። እምቢ ካለሽስ ብዬ አልጠየቅሁም። ዝውውር ጠይቄ "ክልሉ ገና ሰው እየፈለገ አንተ ልትሸሽ ነው?" ተብዬ ነበር። እሷ እታች መተንፈስ ካልቻለች፣ እኔም ወደ ላይ መውጣት ካልቻልሁ፣ ትዳራችን ከጎሬ ጋምቤላ የሚያወርደውን የቡሬን ቁልቁለት የሚመላለስ የጭነት መኪና ሆኖ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ መጥረጊያ ያነሳሁት ያኔ ነው። የሳር ፍራሹን አውጥቼ አቃጠልሁት። ላጥፋው ብዬ የተነሳሁትን ጭስ ራሴው እያስነሳሁት መሆኔ የገባኝ ከተለኮሰ በኋላ ነው፤ ሰው ከአመሉ ቶሎ አይላቀቅም። መጋረጃውን፣ ምንጣፉን፣ አማቴ የሰጡንን አጎዛ ከቤት አስወጣሁ። ማድ ቤቱን አፍርሼ ከጓሮው ጫፍ፣ ነፋሱ ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል ተከልሁ። የሌሊት ወፎቹን ሲመሽ ለአደን እስኪወጡ ጠብቄ ቀዳዳውን ደፈንሁባቸው፤ ተመልሰው በሩ ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ኪራይ ሳይከፍል እንደተባረረ ተከራይ ነበሩ። ወለሉን ውሃ ሳላርከፈክፍ መጥረግ ተውሁ። አንሶላውን በፈላ ውሃ እያጠብሁ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ሲጋራዬንም ተውሁ፤ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስነግራችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ድምፄ ይመለስልኝ ጀመር። "ቡና አለ?" ብዬ ጮክ ብል "አለ?" ይለኛል።

ከዚያ ሁሉ ጥርጊያ ያመለጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹራቡ። ትራሴ ሥር አድርጌው እተኛለሁ። ሙቀቱን የማታውቁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በጋምቤላ መጋቢት ሰው ቆዳውንም አውልቆ ቢተኛ ይወዳል። እኔ ግን የሱፍ ሹራብ እታቀፋለሁ። አፍንጫዬን ስቀብርበት አስካለ ትሸተኛለች። አንድ ቀን ሾፌሩ "ጎሬ በርዷታል፣ ሹራቤን ላክልኝ ብላለች" የሚል መልእክት አመጣ። ከልቡ የሚወድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቅ ነበር። ሰልባጅ ተራ ሄጄ ሌላ ሹራብ ገዝቼ ላክሁላት። ጋምቤላ ውስጥ ሹራብ ልግዛ ያልሁት ነጋዴ ግንባሬን ሊዳብስ እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ወባ ይዞት ይሆናል ብሎ።

የቀረኝ የኛዋል ጭስ ነበር። ኛዋል ከአጥራችን ማዶ ያለች የኑዌር ጎረቤታችን ናት፤ ጥቂት ላሞችና የሚበዙ ልጆች ያሏት። ሲመሻሽ የደረቀ እበት ትከምርና ትለኩሳለች። አይነድም፣ ይጨሳል። ላሞቹም ልጆቹም ጭሱ ውስጥ ገብተው ከትንኝ ያመልጣሉ። ክረምት ሲገባ ትንኙም ጭሱም ይጨምራል። አስካለ የምትመጣው ደግሞ በክረምት መግቢያ ነው። አንድ ማለዳ አጥሩን ዞሬ ሄድሁ።

"ማሌ" አልኋት፣ በቋንቋዋ ሰላምታ።

"ማሌ፣ ጎረቤት። ሚስት መጣ?"

"አልመጣችም። እንድትመጣ ነው የመጣሁት።" ነገሩን አስረዳኋት። ደረቴን ይዤ እንደ አስካለ አፏጨሁ። እሳቱን ወደዚያኛው የግቢ ጫፍ ብትወስደው ጭሱ ከእኛ ይርቃል አልኋት። እኔ ቀላል ነገር የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ቦታ እንደ መቀየር።

ኛዋል የአመዱን ክብ አየችው። "ይሄ እሳት ባል አደረገ" አለችኝ። "ባል ከብት ፈልጎ ሄደ፣ ድንበር ማዶ። ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ባል አልመጣም። ሲመጣ እሳት የት አለ ይላል። እሳት ከሌለ ቤት የለም ይላል። ይመለሳል።"

ያኔ ነው የገባኝ። ያ የአመድ ክብ ለእሷ ቤቱ ራሱ ነው፤ አባወራው ጎጆ ሲወጣ የተከለው፣ የላሞቹ ካስማ ዙሪያውን የተመታበት። እኔ ሚስቴ እንድትመጣ ጭሱ ይነሳልኝ እላለሁ፣ እሷ ባሏ እንዲመጣ ጭሱ እንዳይነሳ ትፈልጋለች። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ቆመን በሁለት መንገደኞች ናፍቆት እንጣላለን። "ተይው እሺ፣ ይቅር" ብዬ ተመለስሁ። ከልቤ ነው ያልሁት፣ ግን ከፍቶኝ ነበር።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን ከቢሮ ስመለስ ኛዋልና ልጆቿ ካስማዎቹን እየነቀሉ ወደዚያኛው ጫፍ ሲያጓጉዙ አገኘኋቸው። ኮቴን አውልቄ ሳልጠየቅ አብሬ ተከልሁ። አሮጌው ክብ መሃል ላይ አንድ ካስማ ብቻ ሳትነቅል ተወች። ምንም አልታሰረበትም። "ክረምት መንገድ ጭቃ ነው። ባል አይመጣም፣ ሚስት ይመጣል" አለችኝ።

አስካለም መጣች። ሰልባጅ ሹራቡን ለብሳ፣ ቡሬን ስትወርድ ላብ አጥምቋት። ቤቱን ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "ተዘረፍህ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። እስከ መጨረሻው ገባላት። አላፏጨም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች ደጋግማ ሳበች፣ ሕፃን አዲስ መጫወቻ እንደሚሞክረው። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ማድ ቤቱን የማስተካክል መሰልሁ። ዓይኔን ጭስ ገባው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

ቀናት በሰላም አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ትራሴን ተደግፋ ጋደም እንዳለች ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። የምትስበውን መድኃኒት ሰጠኋትና ሲቀልላት ጠላቴን ፍለጋ ተነሳሁ። ማድ ቤቱን አየሁ፤ እሳት የለም። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ፤ የኛዋል እሳት ገና አልተለኮሰም። ኮርኒሱን በእንጨት ደበደብሁ፤ ወፍ የለም። እኔ ጣራ ጣራ ሳይ አስካለ ትራሱን አነሳችው።

ሹራቡ እዚያ ነው። ከጥር ጀምሮ ውሃ ያልነካው፣ የበጋውን አቧራና የእኔን ላብ ጠጥቶ የደደረ። ቤቱን ሁሉ አራግፌ የሰበሰብሁትን ደዌ በሙሉ ትራሴ ሥር አስተኝቼው ኖሯል።

"ሰልባጁን የላክህልኝ ለዚህ ነው?" አለች።

"አንቺን ይሸታል ብዬ ነዋ" አልኋት።

ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን አርቃ፣ በጥንቃቄ አሸተተችው። "እኔን?" አለች። "ይሄ አንተን ነው የሚሸተው።"

አስቡት እንግዲህ። ያን ያህል ጊዜ ስናፍቅና አፍንጫዬን ስቀብር የኖርሁት በገዛ ላቤ ውስጥ ነው። አስካለ ሳቀችብኝ፤ ሳቋን የቆረጠው ሳል ሳይሆን ዕንባ ነበር። ሹራቡን በፈላ ውሃ አጠበችው። ሱፍ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ልብስ ሰፊዋ ሚስቴ ታውቃለች፣ ግን ደረቷን መረጠች። ከገመዱ ላይ ስናወርደው ተኮማትሮ ለአራስ ልጅ የሚበቃ ሆኗል።

ክረምቱን አብረን ከረምን። መስከረምና ጥቅምትንም። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ከከተማው ውጭ ያለው ሳር ደረቀ። ማድ ቤት ይነሳል፣ ፍራሽ ይጣላል፣ ደግ ጎረቤት ካስማዋን ትነቅላለች፤ የአገር ሳር ግን ከማን ጋር ተነጋግራችሁ ታስቀሩታላችሁ? የመጀመሪያው ጥቁር ብናኝ ገመዳችን ላይ ባረፈ ማግስት አስካለ ሻንጣዋን አነሳች። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ዝናብ ያመጣታል፣ እሳት ይወስዳታል። ስትሄድ ያቺን ትንሽ ሹራብ ትተውልኛለች፣ በማስጠንቀቂያ፦ "በየሳምንቱ እጠባት። አቧራ ይዛ እንዳትቆየኝ።"

ኛዋልም አስካለ በሄደች ማግስት ካስማዎቿን ነቅላ እሳቷን ወደ ጥንት ቦታው ትመልሳለች። በጋ መንገድ ይደርቃል፤ ሰው ከብት እየነዳ ሊመጣ ይችላል። ጭሱ በመስኮቴ ይገባል። አልዘጋውም፣ እኔ ደረቴ ደህና ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሻሽ ከአጥሩ በዚህ በኩል ሳፋ ይዤ እቀመጣለሁ። ኛዋል በዚያ በኩል ተንበርክካ እበቱን እፍ ትላለች፣ እኔ የአስካለን ሹራብ እጨምቃለሁ። በታጠበች ቁጥር ትንሽ ታንሳለች። ሽታዋ ሳሙና ብቻ ነው።

"ሚስት መጣ?" ትለኛለች ኛዋል፣ አለመምጣቷን እያየች።

"አልመጣችም። ባልሽስ?"

"አልመጣም።"

ከዚያ እሷ ወደ እሳቷ ትመለሳለች፣ እኔ ሹራቧን ገመድ ላይ አሰጣለሁ።