አኩሪ አተሬን የቀመሰው ፈረስ

የተማረ ሰው ካልተማረው የሚበልጠው በመሳሳት ነው! አትቆጡ… ያልተማረው ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባላል፤ አለቀ። የተማረው ግን ስህተቱን በምክንያት አጅቦ፣ በማስረጃ አስደግፎ፣ አገር ምድሩን ሰብስቦ ካስረዳ በኋላ ነው የሚሳሳተው። «ከየት አመጣኸው?» አትሉኝም? ከራሴው ነዋ!

ዳንግላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንጅባራ እየተመላለስኩ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ፣ ድርቅ በአኩሪ አተር ውስጠኛ ኬሚስትሪ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ድርቅ! በአዊ! ያውም በክረምት! የታጠበ ካልሲ በሳምንቱ በማይደርቅበት አገር ድርቅ ላጠና ተነሣሁ።

ስለዚህ ድርቁን ራሴ መሥራት ነበረብኝ። በተከራየሁበት ግቢ አራት እንጨት ተክዬ ላስቲክ ወጠርኩ። ከሥሩ ሃያ ባልዲ አኩሪ አተር በሁለት ረድፍ ደረደርኩ። ከመግቢያው ሲታይ በስተግራ ያሉት አሥሩ ውሃ እስኪበቃቸው የሚጠጡ፣ በስተቀኝ ያሉት አሥሩ በጥም የሚቀጡ ናቸው። አከራዬ እትዬ የሺ በየጠዋቱ ብቅ እያሉ የተጠሙትን ያያሉ።

«እነዚህ ደግሞ ምን አጥፍተው ነው?»

«ምንም አላጠፉም እትዬ። ሲጠማቸው ውስጣቸው ምን እንደሚሆን ላውቅ ነው።»

«ሲጠማቸውማ ይጠማቸዋላ!» ብለውኝ ይገባሉ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አኩሪ አተር ውሃ ሲያጥረው እንደ እኛ አይነጫነጭም። ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ከዚያ ስኳርና ፕሮሊን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ያጠራቅምና ያለችውን እርጥበት በእነሱ ይዞ ይቆያል። እኔ የቀረኝ ቅጠሉን ለቅሞ እንጅባራ ወስዶ መለካት ብቻ ነበር። ሰኞ ልወስድ፣ ቅዳሜ ዝናቡ ወረደ…

እንዴት ያለ ዝናብ! ጋሽ አየነው የሚባሉ ባለ ጋሪ ለእትዬ የሺ እህል ሊያደርሱ መጥተው ነበር። ፈረሳቸውን ከጋሪው ፈትተው እሳቸው በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ፈረሱስ የት ይጠለል? በዚያ ሰዓት በመላው ዳንግላ ያለው ደረቅ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ድርቅ!

ከቤት ስወጣ በሁለቱ ረድፍ መሐል ቆሞ ያኝካል። ዱላ ይዤ ሮጥኩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ መዞሪያ የለውም፤ ጋሽ አየነው በአገውኛ እየጮሁ ወደ ኋላ አስኬደው አወጡት። እኔ አገውኛ አልሰማም። ፈረሱ ይሰማል። በቋንቋም በለጠኝ!

«ጋሽ አየነው፣ ፈረስዎ ሁለተኛ ዲግሪዬን በላብኝ!»

«ዲግሪ ደጅ ያድራል እንዴ መምህር?»

እንባዬ ሊመጣ ሲል ዓይኔ ባልዲዎቹ ላይ አረፈና ክው አልኩ። በስተግራ ካሉት ለምለሞች አንድ ቅጠል አልጎደለም። የተበሉት የተጠሙት ብቻ ናቸው፤ ያውም እስከ ግንዳቸው! እስቲ አስቡት፣ ለምለሙን ትቶ ጠውላጋውን የሚግጥ ፈረስ የት ታውቃላችሁ? ስኳሩ ነዋ! እኔ በመሣሪያ ልለካው ስንት ሳምንት የደከምኩበትን እሱ በምላሱ አገኘው!

የፈረሱን ግንባር ደጋግሜ ሳምኩት። እትዬ የሺ አማተቡ። ሰኞ በመምህራን ማረፊያ የሰዉ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ግኝቴን አስረዳሁ። ከዚያ እንጅባራ ላሉት አማካሪዬ ደወልኩ። ሰሙኝና፣

«ስንት ጊዜ ተደገመ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ፈረሱ።»

«እሱማ… አንዴ ነው የበላው።»

«አንዴ ከሆነ ወሬ እንጂ ውጤት አይደለም። ድገመው።»

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው! ወደ ጋሪ መቆሚያው በረርኩ።

«ጋሽ አየነው፣ አዲስ አኩሪ አተር ላበቅል ነው። ሲደርስ ፈረስዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።»

«ቅዳሜ ለት በዱላ ልትለው አልነበር?»

«እሱን ይርሱት! ይህ ተራ ፈረስ አይደለም። በግራው ያለውን ለምለም ንቆ በቀኙ ያለውን የተጠማ መርጦ…» አልኩና ስኳሩን፣ ፕሮሊኑን፣ የቅጠሉን ቀዳዳ ሳይቀር አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። አለንጋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ይዘው በፈረሱ በግራ በኩል አቆሙኝና መዳፋቸውን ዓይኑ ፊት አወዛወዙ። ፈረሱ ቅንድቡን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

«ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ እኮ መምህር። በዚህ በኩል ያለውን አያየውም።»

ወይ ጉድ! እኔ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ግንባሩን ስስም ያ ዓይን ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። የእሳቸው ስም አየነው፤ የእኔ ደግሞ አላየሁትም!

«ታዲያ አሁን ምን ይሻለኛል ጋሽ አየነው?» አልኳቸው ምድር ብትውጠኝ እየተመኘሁ።

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«እንደገና ዝራ! አይዞህ፣ እሱ በአንድ ዓይኑ ስንቱን ሰው ካሰበበት አድርሷል። አንተማ ሁለቱም አሉልህ… ትንሽ ክፈታቸው እንጂ!»