የአየር ጠባይና የአቶ ወልደአማኑኤል ጠባይ

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሊቀመንበሩ «ጥያቄ ያለው?» ሳይል እጁ ከጣሪያው በታች ተሰቅሎ የሚገኝ አንድ ሰው አይጠፋም። ጥያቄ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። የሚነሳው ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው መሳሳቱን ለማስታወቅ ነው። ዳኛ ቢሆን ከሳሽንም ተከሳሽንም ያስር ነበር፤ ሐኪም ቢሆን በሽተኛውን «አላመመህም» ብሎ ይሸኘው ነበር። በናዝሬት ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ቀበሌ፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት የተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል ነበሩ።

አቶ ወልደአማኑኤል ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር የጭነት መዝጋቢ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅምና ቀጭን ሰውዬ ናቸው። ግራ ጉልበታቸው እንደ ልብ ስለማይታጠፍ ከአግዳሚው ሲነሱ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ይህ ጊዜ ለተሰብሳቢው ማስጠንቀቂያ ነው። ሴቶቹ ኪሮሻቸውን ያወጣሉ፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ይደፋሉ፣ አንዳንዱም ሽንት ቤት ትዝ ይለዋል።

ማምለጫ የሌላት መምህርት ፀዳለ ብቻ ነበረች። ፀዳለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደርጋለች። እንግዲህ አቶ ወልደአማኑኤል ያሉትን ሁሉ ሌላው ሰው ሲያንቀላፋ እሷ ትጽፋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ደብተር በእሳቸው ተቃውሞ ሞልታለች። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ «እስማማለሁ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እሱም «እስማማለሁ ብዬ አላውቅም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ክረምቱም ጥቂት ቀን አጉረምርሞ አለፈ። በቡልቡላ በኩል የሚመጡ ከብቶች ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተጣብቆ በከተማው መሐል ያልፉ ጀመር፤ አቧራው ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል። ያኔ ቀበሌው «የዝናብ እጥረትና የነዋሪው ሚና» በሚል ርዕስ ስብሰባ ጠራ።

አንዱ ተነስቶ ፈረንጅ ጨረቃን ከረገጠ ወዲህ ሰማዩ ተበላሽቷል አለ። አንዲት እናት «ኃጢአታችን ነው» ብለው ሲጀምሩ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መርዳሳ ሆን ብለው አስለው አቋረጧቸው። ፀዳለ ግን ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። በትምህርት ቤቱ የዝናብ መለኪያ የተመዘገበውን የዘጠኝ ዓመት ዝናብ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ሥላ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። መስመሩ እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄዳል። ግራሩ እየተጨፈጨፈ ምድሩ መራቆቱን፣ አፈሩ እርጥበት መያዝ እንዳቃተው፣ የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ መሆኑን በቀስታ አስረዳች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማት። ከዚያ ያ ጉልበት ቀጭ አለ።

«መለኪያው የተተከለው የት ነው?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ።»

«የተሰበሰብነው ስለ አገሩ ነው ወይስ ስለ ትምህርት ቤቱ ግቢ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፀዳለ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። «የአየር ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው የእናንተ ጠባይ ነው! በ1945 ዓ.ም. ከዚህ የባሰ ድርቅ ነበር። እኔ ያኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

ይህን ያመነ ሰው አልነበረም። ድርቁንስ ሊያምኑት ይችሉ ነበር፤ ዝም ማለታቸውን ግን ማንም አላመነም።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰል ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከቡልቡላ መንገድ ከሰል እያስጫነች የምትሸጠው ጉዲቱ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። «እኔ ከሰል ካልሸጥኩ ልጆቼ ምን ይብሉ? ዝናብ?» አለች። «ደግሞ ሁላችሁም ቤት ወጥ የሚሠራው በምንድን ነው? የእኔን ከሰል እኮ ነው የምታነዱት!»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ሰው ሁሉ የአቶ ወልደአማኑኤልን ፊት አየ፤ ወይ ከእሷ ጋር ይሆናሉ፣ ወይ ከከልካዮቹ ጋር። ሞኝነት ነው። እሳቸው መጀመሪያ ከሰል መከልከል ወንጀል መሆኑን ግማሽ ሰዓት አስረዱ፤ ጉዲቱ «ገለቶማ፣ ኦቦ!» ብላ ልታመሰግናቸው ስትነሳ ደግሞ ዞር ብለው ከሰል መሸጥም ወንጀል መሆኑን አስረዱ። ጉዲቱ ምስጋናዋን መልሳ ተቀመጠች። ፀዳለ ጻፈች፣ ጻፈች፣ እጇ ዛለ። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ይህ ሰውዬ ምላስ ባይኖረው ኖሮ በጉልበቱም ይቃወም ነበር ብላ አሰበች።

በ1977 ሚያዝያ ላይ ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ፤ ቀበሌው ከከተማው ዳር ባለው ራቁት ኮረብታ ላይ ስድስት ሺህ የባሕር ዛፍ ችግኝ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲተክል። ፀዳለ ደስታዋ ወሰን አጣ። አቶ ወልደአማኑኤል እንደ ልማዳቸው ተነሱ።

«ችግኝ የሚተከለው ዝናብ ሲመጣ ነው እንጂ ዝናብ እንዲመጣ አይደለም።»

ፀዳለ ይህን ስትጽፍ ብዕሯ ትንሽ ቆም አለ። ነገሩ ልክ ነበር። ለራሷ ተማሪዎችም ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከእሳቸው አፍ ስለወጣ ብቻ አንገበገባት። እጇን አውጥታ «ዝናቡን ቁጭ ብለን አንጠብቅም!» ስትል አዳራሹ አጨበጨበላት፤ ጓድ መርዳሳም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ።

ተተከለ። ሰው ሁሉ ወጣ፤ ፀዳለም ከነተማሪዎቿ ወጣች። ኮታው በአሥር ቀን ማለቅ ስለነበረበት ግማሹ ችግኝ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድለት ጉድጓድ ገባ። አቶ ወልደአማኑኤል በጉልበታቸው አሳብበው ቀሩ። የተጠበቀው ዝናብም እንደሳቸው ቀረ፤ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ ለስሙ ያህል ጠብ ጠብ አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኮረብታው ማንም አላነሳም። ፀዳለ በአውቶቡስ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ታዞር ነበር።

በ1978 ጥቅምት ላይ የአውራጃው ጓድ ለቀበሌው ቀይ ሰንደቅ ሊሸልሙ መጡ። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሷል። ጓድ መርዳሳ ላባቸውን እየጠረጉ ሪፖርቱን አነበቡ፤ ከተተከለው ስድስት ሺህ ችግኝ ዘጠና ስምንት በመቶው ጸድቋል። ቁጥሩን ያገኙት ከኮረብታው አልነበረም፤ የሌሎቹም ቀበሌዎች ቁጥር ያው ነበር። ሁሉም አጨበጨበ። ፀዳለም ብዕሯን አስቀምጣ አጨበጨበች።

ጭብጨባው ሲበርድ ጉልበቱ ተሰማ።

«ጓድ፣ አንድ ማረሚያ አለኝ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «ችግኞቹ ሞተዋል።»

ጉዲቱ «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለች በሹክሹክታ።

«ሞተዋል! የቆመው እንጨቱ ነው። በመቶ ይሰላ ከተባለም...»

«ይቀመጡ!» ጓድ መርዳሳ ጠረጴዛውን መቱ። የአውራጃው ጓድ ግን አልተቆጡም፤ ፈገግ ብለው ስማቸውን ጠየቁና በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስብሰባው ሳይፈርስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አቶ ወልደአማኑኤልን ግራና ቀኝ ሆነው ወሰዷቸው። ከዚያ አዳራሽ ከዚህ ባነሰ ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ጊዜው ገና ሩቅ ስላልሆነ ሁሉም ያስታውሳል። ማንም ቀና አላለም።

በማግስቱ አውራጃው ቃለ ጉባኤውን ጠየቀ። ሰውዬው ምን እንዳለ ቃል በቃል ተጽፎ ይቅረብ፤ ክሱ በዚሁ ጽሑፍ ላይ ይመሠረታል። ፀዳለ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ካለው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ለሁለት ዓመት የረገመችው ምላስ አሁን በእጇ ገብቷል። ደብተሩን ገልጣ እንዲህ ጻፈች፤ «አቶ ወልደአማኑኤል አንዳንድ ችግኞች ተጨማሪ እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው በአስተያየት መልክ አቅርበዋል።» ጓድ መርዳሳ አነበቡት። እሷን አዩ፤ ደብተሩን አዩ። ከዚያ ፈረሙ፣ ማኅተሙንም መቱበት፤ ግልባጩ ተላከ።

የሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ በሃያ ደቂቃ አለቀ። «ጥያቄ ያለው?» ተባለ፤ የለም። «አስተያየት?» የለም። ሁሉም በሁሉም ተስማማ። ፀዳለ ግማሽ ገጽ ጽፋ ደብተሩን ስትዘጋ እፎይ ማለት ነበረባት። ዓይኗ ግን ባዶው አግዳሚ ላይ ቀረ።

አቶ ወልደአማኑኤል በአሥራ አንደኛው ቀን ተለቀቁ። ከእስር ቤት ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ጺማቸው አድጎ፣ ሸሚዛቸው ቆሽሾ፣ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መጡ። ፀዳለ ከወንበሯ ተነሳች።

«እንኳን እግዜር አስፈታዎት!»

«አስተያየት?» አሉ። «እኔ በሕይወቴ አስተያየት ሰጥቼ አውቃለሁ? መርማሪው ፊቴ ላይ አነበበልኝ እኮ! አፈርኩ። ‹እንክብካቤ› ምን ማለት ነው? የሞተ ነገር እንክብካቤ ምን ያደርግለታል? አሁኑኑ አርሚው!»

የፀዳለ ንዴት ገነፈለ። «ያ ቃል እኮ ነው ያስፈታዎት! እርስዎን ላድን ብዬ ራሴን አደጋ ላይ የጣልኩ እኔ! ምስጋናው ቢቀር...»

«ታዲያ የተፈታሁት በውሸት ነዋ!»

«አዎ፣ በውሸት!» ጮኸች። «እሺ፣ ላርመው! ይኸው፣ ‹ሁሉም ችግኞች ሞተዋል ብለዋል›። ተደሰቱ?»

«ሁሉም አላልኩም።»

ብዕሯ ቆመ።

«ሰባት አሉ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጨርስ ስል ነው ያስቀመጡኝ። ሰባት ቆመዋል። ሁለቱ ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ አራቱ በቦዩ በኩል፣ አንዱ ጫፉ ላይ።»

«ማን ቆጠራቸው?»

«እኔ ነኛ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ቁልቁለቱ ለዚህ ጉልበት አይመችም።»

ፀዳለ አየቻቸው። ለመትከል ያልወጡ ሰውዬ፣ ለመቁጠር ስድስት ሺህ ጉድጓድ በአንካሳ እግር ዞረዋል። «ለምን?» አለች። «እንደማይጸድቁ አስቀድመው ተናግረው የለ እንዴ?»

«ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነዋ» አሉ፣ ግልጽ የሆነ ነገር ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ሳያረጋግጥ የሚናገር ሰው አልወድም።»

ከጎን ክፍል ጓድ መርዳሳ ሁሉን ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ። ፀዳለ በድንጋጤ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል፣ እሳቸው ከውጭ እንዳይሰማ ወደ መንገድ የሚያወጣውን በር ዘግተው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ፀዳለ ገጹን አስተካክላ ጻፈችው፤ ከስድስት ሺህ ሰባት። አቶ ወልደአማኑኤል በትከሻዋ በኩል አንብበው፣ «ሰ»ዋ «ለ» ትመስላለች አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረው ኮረብታውን ወጡ፤ ሌላ ሰው የቆጠረውን ተቀብላ መጻፍ እንደሌለባት ስለነገሯት ራሷ ልትቆጥር ነው። ሰባቱም እሳቸው ባሉበት ቦታ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ቀጭን፣ ግን ለምለም። ከጫፉ አለፍ ብሎ ደግሞ ከስንጥቅ መሬት አንድ እሾሃማ ቡቃያ ወጥቷል፤ ማንም ያልተከለው፣ ራሱ የበቀለ ግራር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ግራርና ባሕር ዛፍ አይምታታባትም።

«ስምንት!» አለች ፀዳለ፣ ጣቷን ቀስራ። «አንዱን ዘለሉታል፣ አቶ ወልደአማኑኤል።»

«ምን? ይሄ? ይሄ እኮ ግራር ነው!»

«እኔ ባሕር ዛፍ ነው የሚመስለኝ።»

አቶ ወልደአማኑኤል በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፀዳለ ጥላ ያለበት ድንጋይ ፈልጋ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ቢያንስ እስከ ስድስት ሰዓት እንደማይጨርሱ ታውቃለች።