ክቡር መጠባበቂያ ገመድ ላይ

በየዘመዱ አንድ "ምናልባት" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰማዩ ጠርቶ እያየ ጃንጥላ ይይዛል፤ ጃንጥላው ቢሰበርስ ብሎ ላስቲክ አጥፎ ይጨምራል፤ ላስቲኩ ቢቀደድስ ብሎ መርፌና ክር። የእኛው የባሌ አጎት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲሉ ክቡር መጠባበቂያ እንላቸዋለን።

"የሚበጠስ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም" ይላሉ።

በራቸው ሦስት ቁልፍ አለው። ቅጂው እኛ ጋ፣ የቅጂው ቅጂ ጎረቤት ጋ። አንድ ቀን በሩ ተቆለፈባቸውና የትኛው የማን ጋ እንዳለ የጻፉበት ወረቀት ቤት ውስጥ ቀረ።

እኔና ክቡርነታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ዋሻ ከሚወርድ ቡድን ጋር እንሄዳለን፤ ልጄን እናቴ ትይዝልኛለች። በገመድ ለመውጣት ገመዱን የሚነክሱ ሁለት ብረቶች ይበቃሉ። አንዱ ደረት ላይ ይታሰራል፣ ሌላው የእግር መርገጫ ተንጠልጥሎበት በእጅ ይያዛል። ወደ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ወደ ታች ንክስ ያደርጋሉ። መቆም፣ ቁጭ ማለት፣ መቆም፤ አለቀ። ክቡርነታቸው ግን በረጅም ማሰሪያ ከሁሉም በላይ የሚሄድ ሦስተኛ ጨመሩ።

አሠልጣኛችን ነርስ ናት፤ ትርፍ ነገር አትወድም።

"ጋሼ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።"

"ተምሬ ነው የጠመጠምኩት፣ ልጄ።"

ባለፈው ቅዳሜ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ ሃያ ሜትሩን ያለ ረዳት ካልወጡ፣ ከዚህ በኋላ አፋፍ ላይ ቦርሳ ጠባቂ ናቸው። እሷ ቀድማ ወጥታ አፋፍ ላይ ቆመች፤ እሳቸውም ብረቶቻቸውን ገመዱ ላይ አስገብተው መውጣት ጀመሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይሄ ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ የሦስተኛው ማሰሪያ ከእጁ ብረት ጋር ተጠላለፈ። ሊያላቅቁ የእጁን አወለቁት፤ አመለጣቸውና መርገጫውን እያንጓጓ እኔ አጠገብ ወደቀ። ክብደታቸው ሁሉ ሦስተኛው ላይ አረፈ። እሱ ነክሶ ይዟል፣ እጃቸው ደግሞ አይደርስበትም። እንደ ታጠበ ኮት ተንጠለጠሉ።

"ጋሼ፣ ተሰቀሉ?" አለች አሠልጣኟ ከላይ።

"አይ፣ ዐረፍኩ።"

"ልውረድ?"

ከወረደች ነገሩ አበቃ። 

"ቆዪ እስቲ" አሉና ከኪሳቸው ቀጭን ገመድ አወጡ። ዋናው ገመድ ላይ፣ ሲረገጥ አንቆ እንዲይዝ፣ ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ጫፉን የእግር መርገጫ አደረጉት። ከዚያ እግራቸውን ከመቀመጫቸው ሥር ሰብስበው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ልክ እሷ ስታስተምር እንደምትለው። ሦስተኛው ብረት ላላ። ከፍተው ወገባቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ በደረቱ ብረትና በቀጭኗ ገመድ፣ ቆም ቁጭ እያሉ፣ ቀስ ብለው ወጡ።

"ማን አስተማረዎት?" ስትል ሰማኋት።

"አንቺ ነሻ። ገመዷ ግን የእኔ ናት።"

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስተኛው ብረት ቤት ይቅር" አለች።

"ይቀራል። ምናልባት ካላስፈለገ።"

ተራዬ ደርሶ ጓንቴን ፍለጋ ኪሴን ብዳብስ፣ እኔ ያላስቀመጥኳት ቀጭን ገመድ በሥርዓት ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አፋፉ ላይ ስደርስ ክቡርነታቸው ኪሴን ሳይሆን ሰማዩን ያዩ ነበር። አልተጠቀምኩባትም። መልሼም አልሰጠኋቸውም።