ከበር በላይ የተሰቀለው ምንጣፍ

[ሐረር፣ አቦከር፤ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከጣሊያን የቀረች አሮጌ ፊያት ግቢ ውስጥ በሮቿ ተከፍተው ቆማለች። ባለቤቷ ጡረተኛው አቶ ተክለጻድቅ ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ቀይ ከፋይ ይወጥራል። ጎረቤቱና አብሮ አደጉ አቶ ለገሠ መዶሻ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ለመኪናዋ የተገዛው አዲስ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከሳሎኑ በር በላይ ተሰቅሏል።]

ተክለጻድቅ፦ መዶሻ ያዝልኝ አልኩህ እንጂ አስብልኝ አልኩህ?

ለገሠ፦ ኧረ እኔ ምን አሰብኩ! ወንበሩ አበጠ ነው ያልኩት።

ተክለጻድቅ፦ አላበጠም፤ ጠገበ! የጣሊያን ወንበር ጾሙን ነው የሚውለው። እኔ ግን ጥጥ አጎረስኩት።

ለገሠ፦ የተቀመጠበት ሰው አናቱ ጣሪያ እንዳይመታ ብዬ ነው።

ተክለጻድቅ፦ እንዴት ተደርጎ! [ዘፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አናቱ ጣሪያውን ጓ ያደርጋል] ...ሰው መኪና ሲገባ ባርኔጣውን ማውለቅ አለበት።

ለገሠ፦ ባርኔጣ እኮ አላደረግህም።

ተክለጻድቅ፦ ትንሽ ጥጥ ይቀነስለት። ልለው ነበር።

ለገሠ፦ እሱስ ልትለው ነበር። አቦ ተክሌ፣ ስለ ልጄ ስለ ጌታቸው አንድ ነገር ላነሳብህ...

ተክለጻድቅ፦ ጌታቸው መምህር ነው። ስለ መኪና ምን ያውቅና?

ለገሠ፦ ስለ መኪና አይደለም። ስለ ልጅህ ስለ ሰገነት ነው...

ተክለጻድቅ፦ በቃ! እዚያ ጋ አቁም! ባለፈው ሰዎች መጥተው «ለሰገነት እንዲህ አስበን ነበር» አሉኝ። እኔ አባቷ ሳላስብ እነሱ ማን ሆነው ነው የሚያስቡት? በመጡበት እግር መለስኳቸው።

ለገሠ፦ ደግ አደረግህ። መጀመሪያ አንተ ማሰብ አለብህ።

ተክለጻድቅ፦ አየህ? ቀስ እያለም ቢሆን ይገባሃል።

ለገሠ፦ [ወደ በሩ እያየ] ምንጣፉንስ ዛሬ እናንጥፈው?

ተክለጻድቅ፦ ምንጣፍ የመጨረሻ ነው! ማስቲሽ ሊንጠባጠብበት? እዚያው ተሰቅሎ ይቆይ።

ለገሠ፦ አይ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ እያየው...

ተክለጻድቅ፦ ይየው! የጊደር መጋላን ገበያ ዞሬ ዞሬ መርጬ ያመጣሁት ነው። ዶሮ እንዳይኩስበት ከበር በላይ ይሰቀል ያልኩትም እኔ ነኝ።

ለገሠ፦ አንተ ነህ እንዴ? እኔ ያልኩህ መስሎኝ።

ተክለጻድቅ፦ ልለው ስል ከአፌ ነጠቅከኝ!

ለገሠ፦ እሺ፣ ያንተ ይሁን።

ተክለጻድቅ፦ ደግሞ ሰው እንዴት እንዳደነቀልኝ ብታይ! ትናንት ጎረቤታችን ዓሊዪ ከፈላና በር ሲመለስ ቆመና ሽቅብ ወደ ምንጣፉ አየ። «ማሻአላህ! አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት» አለኝ። ለመኪና እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምተህ ታውቃለህ?

ለገሠ፦ ለመኪና? ኧረ በጭራሽ።

ተክለጻድቅ፦ ሚስቱማ ባሰች። «ቁርጥ እናቷን» አለችኝ።

ለገሠ፦ [ሳቁን እየዋጠ] መኪና እናት አላት?

ተክለጻድቅ፦ ፋብሪካውን ማለቷ ነዋ! አንተ አይገባህም። እኔ ሐረርን እንደ መዳፌ ነው የማውቃት፤ የጀጎልን ሰው አነጋገርም ጭምር።

[የግቢው በር ይንኳኳል።]

ለገሠ፦ [በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ] እነ አቶ እንደሻው ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው።

ተክለጻድቅ፦ ወሬው ደርሷቸው መኪናዋን ሊያዩ ነው! [ከፋዩን ከጉልበቱ ላይ ያራግፋል]

[የአቶ እንደሻው ድምፅ ከውጭ፦ «ጤና ይስጥልን አቶ ተክለጻድቅ! ከበሩ በላይ ያለውን ምንጣፍ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት?»]

ተክለጻድቅ፦ ራሴ ነኛ! ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ እውቀቴ!

[ድምፅ፦ «እንግዲያው ፈቃድዎ ነው?»]

ተክለጻድቅ፦ ፈቃዴ ነው! ግቡና እዩአት!

[ድምፅ፦ «ኧረ እናውቃታለን! እጃችን ላይ ያደገች ልጅ!»]

ተክለጻድቅ፦ [ፈገግታው ይከስማል፤ ወደ ለገሠ ዞሮ በሹክሹክታ] የምን ልጅ?

ለገሠ፦ ተክሌ፣ በጀጎል ሙስሊሞች ቤት ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሲሰቀል ምን ማለት ነው?

ተክለጻድቅ፦ ምንጣፍ አለን ማለት ነዋ!

ለገሠ፦ «ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችን» ማለት ነው።

ተክለጻድቅ፦ [ራሱን ይዞ] ወይኔ ጉዴ! እኛ እኮ ክርስቲያን ነን! የእኛ ደንብ አይደለም!

ለገሠ፦ አይደለም። ሰፈሩ ግን አይቶ ተርጉሞታል። ሽማግሌዎቹን ለጌታቸው የላክኋቸው እኔ ነኝ። አሁን «አላወቅሁም ነበር» ብለህ ልትመልሳቸው ትችላለህ።

ተክለጻድቅ፦ አላወቅሁም? እኔ? ሐረር ተወልጄ? [ትንሽ ያስብና] ቆይ... ምንጣፉን ለሰገነት የሰጠኋት እኮ ተዘርግቶ ነው። እንዲህ አሳምሮ ጠቅልሎ የሰቀለው ማን ነው?

ለገሠ፦ ራሷ ናታ።

[የሳሎኑ መጋረጃ ንቅንቅ ይላል። ተክለጻድቅ ወደዚያ ዞሮ ያያል።]

ተክለጻድቅ፦ ራሷ... ትወደዋለች ማለት ነው?

ለገሠ፦ ከድሮም። እኔ ነኝ ፈሪው። ልጄን እንደነዚያ ሰዎች መልሰህ አንገቱን እንዳታስደፋብኝ፣ እኔና አንተም እንዳንቆራረጥ ብዬ ስንቴ ከአፌ መለስኩት መሰለህ!

ተክለጻድቅ፦ [ዓይኑን በከፋዩ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ከዚያ ጮክ ብሎ] ግቡ እንጂ ሽማግሌዎች! ጌታቸው ለሰገነት ይሆናል ብዬ ያሰብኩት እኔው ነኝ! ይቺን መኪናስ ለማን የማሳምራት ይመስላችኋል? ለሙሽሮቹ ነው!

[እልልታ ከሳሎን ይሰማል። ተክለጻድቅ ወደ በሩ ሊሄድ ይልና ይመለሳል።]

ተክለጻድቅ፦ [በለገሠ ጆሮ በሹክሹክታ] አንተ ለገሠ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኼን ነገር ከመጀመሪያው ያሰበው ማን ነው?

ለገሠ፦ አንተ ነህ እንጂ! እኔ መዶሻ ነው የያዝኩት።