የቆጣሪ ጉድጓድ ዘመቻ፥ ጓጉንቸሪቱም ስም ስለ ማግኘቷ

የቤተ መዘክሩ ሊፍት በቆመ በአራተኛው ዓመት፥ ሦስተኛው ዳይሬክተር በወንበሩ በተቀመጡ በሁለተኛው፥ የምድር ቤቱ አምፖል ተቃጥሎ ምትኩ «በሂደት ላይ ነው» በተባለበት በዘመነ ጽልመት፥ ሥዩመ ብልቃጥ፥ ዐቃቤ አልኮል፥ ሊቀ ጓጉንቸር ወእንቁራሪት፥ ቦት ጫማቸው ከእግራቸው የማይለይ፥ በረግረግ የጸኑ፥ በስብሰባ ያንቀላፉ፥ ጀግናችን ባለ መረቡ ያደረጉትን ታላቅ ሥራ እነሆ እንጽፋለን። ጸሐፊውም እኔ ነኝ፤ በዚያው ምድር ቤት ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት የምቀመጥ ባለ እባቡ፥ ያየሁት እባብ ሁሉ ሰው ቀድሞ ስም ያወጣለት፥ ስለዚህም የሰው ድል ስጽፍ እጄ ትንሽ የሚከብደኝ። እውነቱን ግን አላጎድልም።

የነገሩ ሥር ቃል ነው። ባለ መረቡ ገና ጎልማሳ ሳሉ፥ ጸጉራቸውም በራሳቸው ላይ ሳለ፥ ዛሬ እመቤተ ጠመኔ የምንላቸውን የሒሳብ መምህርት ለትዳር ሲጠይቁ፥ ቤትም መኪናም ስላልነበራቸው ሌላ ወንድ ሊሰጥ የማይችለውን ስጦታ ቃል ገቡ፤ ይኸውም በሕይወታቸው መጀመሪያ የሚያገኙት አዲስ ዝርያ፥ ማንም ያልጻፈው ፍጥረት፥ በእመቤቲቱ ስም እንዲጠራ ነው። በዚህ ሙያ ሕግ አንድ ጊዜ ታትሞ የወጣ ስም ንጉሥ ቢሻር፥ ባልና ሚስትም ቢፋቱ አይለወጥምና፥ እመቤተ ጠመኔ ይህን ሰምተው፥ ትንሽም አስበው፥ እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሊቃችን ወደ ረግረግ ወረዱ፥ ወደ ጫካ ወጡ፥ ዝናብ አበሰበሳቸው፥ አልቅት ጠጣቸው፤ ያገኙት ሁሉ ግን አስቀድሞ የተገኘ ሆነ። አንዲቱን እንቁራሪት አዲስ ናት ብለው ወራት ከደከሙባት በኋላ፥ አንድ ጢማም አሳሽ እሳቸው ሳይወለዱ ስም አውጥቶላት ተገኘች። በላይኛው ፎቅ፥ መስኮት ባለው ክፍል የሚሠሩት ባለ ቢራቢሮው በበኩላቸው ሰማያዊ ቢራቢሮ አግኝተው በሚስታቸው ስም ሰየሟት፤ ሚስትየዋም የቢራቢሮዋን ፎቶ በወርቃማ ፍሬም አስገብተው ከሶፋው በላይ ሰቀሉት፤ እመቤተ ጠመኔም እነርሱን ለመጠየቅ በሄዱ ቁጥር ከፎቶው ሥር ተቀምጠው እንዴት ታምራለች ማለት ግዴታቸው ሆነ። ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ምንም አይናገሩም ነበር፤ ይህም ለባለ መረቡ ከጭቅጭቅ ይልቅ ይከብዳቸው ነበር።

ወእምዝ፥ ዝናቡ ባባራበት ሰሞን፥ ከታላቋ አማት ቤት ጥሪ መጣ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ፥ አጎንብሶ፥ ያየውን አይቶ እግሬ አውጪኝ ብሎ ነበርና፥ ታላቋ አማት በስልክ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«እኔ የልጅቱ እናት የምለውን ስማ! ልጄን ለሐኪም እድራለሁ ስል እንቁራሪት ለሚሰበስብ ሰው ሰጠሁ፤ አንድ ቀንም አፌን ከፍቼ አላውቅም። ዛሬ ግን በቆጣሪዬ ጉድጓድ ውስጥ ዐይኗን አፍጥጣ የተቀመጠች አንዲት ጉድ አለች። ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ነገ ጠዋት መጥተህ ታወጣልኛለህ፤ ጫማህንም በር ላይ ታወልቃለህ።»

ባለ መረቡም ክተት ዐወጁ። በቀኛቸው እኔ ጸሐፊው የእባብ መንጠቆዬን ይዤ ተከተልሁ፤ በግራቸው የእንጉዳይ ተመራማሪዋ ባለ ጅብ ጥላዋ ቢላዋዋንና የወረቀት ከረጢቶቿን ታጥቃ ወጣች፥ ማንም ባይጠራትም የማትቀርበት ዘመቻ የለምና፤ ከኋላም የቤተ መዘክሩ ሹፌር መጣ፥ ዕድሜውን ሙሉ እንስሳ ያጓጓዘ፥ ነገር ግን እንቁራሪት የሚፈራ፥ ስለዚህም የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ከውስጥ ሆኖ በሐሳብ የደገፈን። ከእኛም በኋላ ባልዲው፥ መረቡና ሲመቱት ብቻ የሚበራው የእጅ ባትሪ በየክብራቸው ተከተሉ።

በደረሱም ጊዜ ጀግናችን ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ የካልሲያቸው አውራ ጣት ተቀዶ ነበርና ታላቋ አማት አዩት፥ ባለ መረቡም መታየቱን አዩ። ከዚያም በካልሲ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ተራመዱ፥ በሆዳቸው ተኙ፥ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ወደ ጉድጓዱ ሰደዱ። ጓጉንቸሪቱ ከቧንቧው ሥር ገባች፤ እጃቸውም ተከትላት ገባች፤ እርሷ ወደ ቆጣሪው ጀርባ ዞረች፤ እጃቸውም ዞረች፥ ክርናቸውም ተላጠ። በመጨረሻ ያዟት፤ እርሷም እንደ ዘመዶቿ ልማድ ሸናችባቸው፤ ሸሚዙም ለአማት ቤት ተብሎ የተተኮሰ ነበር።

ባለ መረቡ ግን አልጮኹም። ወደ ብርሃን አወጧት፥ ገለበጧት፥ መልሰው አቀኗት፥ ድንገትም ፊታቸው ተለወጠ። መልኳ የራሰ ሲሚንቶ፥ ቆዳዋ ጉጥ በጉጥ፥ ሆዷ ዝርጥጥ ያለ ነው፤ ይህ ለጓጉንቸር ወገን ሁሉ የተሰጠ ጸጋ ስለሆነ አያስገርምም። ነገር ግን ከዐይኗ በስተኋላ የጆሮ ታምቡር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ታምቡር የለም፤ በዐይኖቿም መካከል እንደ ልብስ ስፌት ያለ መሥመር ያልፋል። ሁለቱን ምልክት በአንድነት የያዘች ጓጉንቸር በየትኛውም ብልቃጥ እንደሌለች ከሊቃችን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ታላቋ አማት ከግቢው አርቀው እንዲወረውሯት ሲያዟቸው፥ ባለ መረቡ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለአማታቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ሌሎች ዘመዶቿም ከታች ነበሩና ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱ።

ከዚያም የመለካት ወራት ሆነ። እግሯን በካሊፐር ለኩ፥ የጣቶቿን ቆዳ ሣሉ፥ ከጥንት ብልቃጦች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩአት፥ የዘረ መል ናሙናዋንም ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ላኩ፤ መልሱም አዲስ ዝርያ ናት ብሎ መጣ። ምድር ቤቱ በሆታ ተናወጠ፥ ማለትም ባለ ጅብ ጥላዋ አጨበጨበች። ጽሑፉም ተጽፎ አለቀ፤ የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነበር።

ጀግናው በዚህ ቦታ ፈሩ። ፎቶዋን በስልካቸው አድርገው ራት ላይ ለሚስታቸው አሳዩ፤ አዲስ መሆኗን ግን አልተነፈሱም፥ በእማማ ቆጣሪ የተገኘችው ናት አሉ እንጂ። እመቤተ ጠመኔም አይተው ሳቁ፤ የፈተና ሰሞን ምክትል ርእሰ መምህሩን ትመስላለች አሉ። ባለ መረቡ አልሳቁም። ለአስተማሪ ቅጽል ስም ለማውጣት አድብተው የሚጠብቁ ተማሪዎች፥ ይህ ስም በታተመ ማግሥት ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚሥሉ ታያቸው፤ የሰማያዊ ቢራቢሮዋ ፎቶም ታያቸው። ነገሩን በጨረፍታ ለታላቋ አማት ቢያነሡም፥ የልጄ ስም በዚያች ላይ ከወጣ ደጄን እንዳትረግጥ የሚል ምላሽ አገኙ።

በዚህ መካከል ሦስተኛው ዳይሬክተር ምድር ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቀው ወረዱ፤ እንዲህም ብለው ዐወጁ፦

«ይህ ግኝት የተቋሙ መሆኑ ይታወቅ፤ ተቋሙም በአመራሩ እንደሚወከል ለእናንተ አይነገርም። ስሙ የት ቢያርፍ እንደሚያምር እናንተው አስቡበት። የአምፖሉና የናሙና ማቀዝቀዣው ጉዳይም ስሙ ካረፈ በኋላ እኛ እናስብበታለን።»

ባለ መረቡም ባዶውን ቦታ በዳይሬክተሩ ስም ሞሉት። ለሚስቴ ክብር ስል ነው አሉኝ፤ እኔ ዐይናቸውን አየሁ፥ እሳቸው ብልቃጥ አዩ።

ባለ ጅብ ጥላዋ ግን እንጉዳይ እንጂ ምስጢር ማድረቅ የማትችል ሴት ናት፤ ለእመቤተ ጠመኔ ደውላ ሁሉንም ተናገረች። እመቤቲቱም ከክፍል ወጡ፥ ጠመኔው በእጃቸው እንዳለ መጥተው የቤተ መዘክሩን ደረጃ ወረዱ፥ በምድር ቤቱ መካከል ቆሙ፥ የጓጉንቸሪቱንም ብልቃጥ አስመጥተው ተመለከቱ። እኔና ባለ ጅብ ጥላዋ የምንሄድበት ስላጣን ግድግዳ ላይ ተለጠፍን። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉም ይህን ዐወጁ፦

«እኔ የቃልህ ባለቤት የምልህን ስማ። ስትጠይቀኝ ቢራቢሮ አላልከኝም፤ ማንም የማያውቀው ፍጥረት ነው ያልከኝ። እኔም ስጠብቅ የኖርኩት ቆንጆ ነገር አልነበረም፤ ያገኘህ ዕለት መጀመሪያ የምትነግረው ሰው መሆን ነበር። ጓጉንቸር መባልን እችላለሁ፤ ተማሪዎቼ ከዚህም የባሰ ብለውኛል። ከእስስት ጋር መኖር ግን አልችልም።»

ይህን ብለው ክፍል ይጠብቃቸው ነበርና ወጡ። እስስት የተሳቢ ወገን ስለሆነ በእኔ መደርደሪያ ሥር ነው፤ ስለዚህ የተባለው ነገር ክብደት ከማንም ይልቅ ለእኔ ገባኝ። ባለ መረቡ ግን በወንበራቸው ላይ ኩምሽሽ ብለው ቀሩ፤ ቅስሙ የተሰበረ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ያን ዕለት ሰማሁ።

ከዚያም ተነሡ። ሊፍት የለምና በእግራቸው ወጡ፥ በየፎቁ ቆመው ተነፈሱ፥ በባለ ቢራቢሮው በር ሳይዞሩ አለፉ፥ ወደ ዳይሬክተሩ ገብተው ስሙን መልሱልኝ አሉ። የዳይሬክተሩ ፊት ጠቆረ፤ ስለ ዲሲፕሊን ተወራ፥ ስለ ማቀዝቀዣው ተወራ፥ ስለ ዝውውርም በጨረፍታ ተወራ። በዚህ ቀውጢ ሰዓት ባለ ጅብ ጥላዋ፥ የራሷ ምላስ ያመጣውን ጣጣ ልትክስ፥ ሳታንኳኳ ገባች፤ እርሷም በዳይሬክተሩ ስም ሊሰየም የሚችል አዲስ እንጉዳይ እንዳላት ተናገረች፥ ትንሽ፥ ግራጫ፥ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ፥ ከቤተ መዘክሩ መጸዳጃ ጀርባ በበሰበሰ ሳንቃ ላይ የሚበቅል፤ የሚበቅልበትን ቦታ ግን ለዳይሬክተሩ አልገለጠችም። ዳይሬክተሩ ደስ አላቸው፥ የጓጉንቸሪቱንም ስም ለቀቁ። ኋላ ታትሞ በወጣ ጊዜም መግለጫውን ከስማቸው አልፈው ስላላነበቡ፥ «ጠረኑ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲነኩት ይፈርሳል» የሚለው ሐረግ እስከ ዛሬ በቢሯቸው ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሎ ይኖራል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ነው፤ እውነተኛው ጦርነት ከዚህ ይጀምራል። በዝርያ መግለጫ ውስጥ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚነገርባት አንዲት ጠባብ አንቀጽ አለች፤ ባለ መረቡም በእርሷ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ ይህች ዝርያ የተሰየመችው ለባለቤቴ ነው። ቃል ገብቼላት ነበር። ከመጽሔቱም እንዲህ የሚል አዋጅ ተመለሰ፦

«እኛ ስማችን የማይገለጥ ሁለት ገምጋሚዎች፥ ልኬቱን አይተን ወደነዋል። የኋላ እግሯ ግን ዳግመኛ ይለካ፤ ሠንጠረዡም ይታረም። በስያሜው አንቀጽ ያለው ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ሳይንሳዊ መረጃ ስለማይሰጥ ይሰረዝ።»

ባለ መረቡ የኋላ እግሯን ዳግመኛ ለኩ፥ ሠንጠረዡን አረሙ፥ የታዘዙትን ነጠላ ሰረዝ ሁሉ ከቦታ ወደ ቦታ አዛወሩ፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አልነኩም። እንደገና ይሰረዝ ተባለ፤ እንደገና አይሰረዝም አሉ። ጽሑፉም ዝናብ እስኪመለስ ድረስ ታግዶ ቆየ። በዚህ ጊዜ በሌላ ከተማ ሌላ ባለ መረብ ያችኑ ጓጉንቸር ይዟል የሚል ወሬ ደረሰ፤ ያ ሰው ቀድሞ ካሳተመ ደግሞ ስሙም ግኝቱም ያ ሁሉ ዘመንም የእርሱ ይሆናል። እኔ ራሴ ሰርዘው ይገላገሉ ብዬ መከርኋቸው፤ ለወዳጅነት ስል ነበር። እሳቸውም ለእኔ ሲሉ ፈገግ አሉ፥ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ግን ከዐይናቸው ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ ገምጋሚዎቹ ደከሙ፥ ጽሑፉም ከነዐረፍተ ነገሩ ታተመ፤ የዚያ የሌላው ከተማ ጓጉንቸርም ሲጣራ አስቀድማ የታወቀች ሌላ ዝርያ ሆና ተገኘች።

በዚያን ጊዜ ታላቋ አማት ደጃቸውን አልዘጉም፤ ይልቁንም ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ከአጠገቡ ቆመው፥ ቀስ ብለህ ክፈት ልጄ እዚያ ውስጥ አለች ይሉት ጀመር። እመቤተ ጠመኔም በክፍላቸው፥ ከሰሌዳው ሥዕል ፊት ቆመው፥ በዚህ ስም ሊጠራኝ የሚሻ ሙሉውን የሳይንስ ስም ከነአጻጻፉ አስተካክሎ ይጥራኝ፥ የተሳሳተ ሰሌዳ ያጸዳል ብለው ዐወጁ፤ ሰሌዳውም ከዚያ ወዲህ ቆሽሾ አያውቅም።

ጽሑፉ ወደ ቤት በደረሰበት ዕለት፥ ባለ መረቡ እንደ ነገሩኝ፥ እመቤቲቱ በወጥ ቤት ቆመው ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበቡት፤ ሠንጠረዡን ደምረው አንድ አማካይ የተሳሳተ መሆኑን አገኙ፥ በእርሳስም አረሙት። ከዚያም ወደ ስያሜው አንቀጽ ደረሱ። እርሷን አላረሙም። ወረቀቱን ይዘው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ፥ ሲይዙትም የኖሩትን ለቅሶ ለቀቁት።

እነሆ፥ ኃያላን በሰይፍ ከተማ ያዙ፥ ባለ ጊዜዎች በፊርማ ወንበር ያዙ፤ ሥዩመ ብልቃጥ፥ ዐቃቤ አልኮል፥ ሊቀ ጓጉንቸር፥ ካልሲያቸው የተቀደደ፥ አንድ ጊዜ ፈርተው ሁለተኛ ያልፈሩ ጀግናችን ባለ መረቡ ግን በአንዲት ጠባብ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ቃል ያዙ፥ ሲጎትቷቸውም አልለቀቁም። ክብር ለእሳቸው ይሁን፤ ክብር ለጠበቋቸውም ይሁን። እኔ ጸሐፊው ቀንቻለሁ፤ የቀናሁት ግን በጓጉንቸሪቱ አይደለም።